የቆመውን ልብ የቀሰቀሰው ንክኪ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ዊልፍሬድ ቢገሎ በቶሮንቶ ከተማ በአንድ ውሻ ላይ ምርምር ሲያካሂዱ የእንስሳው ልብ በድንገት ቆመ። ቢገሎ የሰውነትን ሙቀት ዝቅ በማድረግ የኦክስጅን ፍላጎቱን መቀነስ፣ በዚያውም ልብን ከፍቶ ለማከም በቂ ጊዜ ማግኘት ይቻል እንደሆነ እየመረመሩ ነበር። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ የቆመውን ልብ በመሣሪያ ጫፍ ነካ አደረጉት፤ ልቡም መታ። ደግመው ነኩት፤ ደግሞ መታ።

በንክኪ የሚመታ ልብ በኤሌክትሪክስ ለምን አይመታም? መልሱን የሰጡት የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት መሐንዲስ ጆን ሆፕስ ናቸው። ከቢገሎና ከባልደረባቸው ከጆን ካላጋን ጋር በመተባበር በ1950 የሠሩት መሣሪያ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ ኃይሉንም የሚያገኘው ከግድግዳ ሶኬት ነበር። በሰው ሰውነት ውስጥ መቅበር የተቻለው በ1958 በስዊድን ነው።

ዛሬ ፔስሜከር ከደረት ቆዳ ሥር ሆኖ ምት ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት ይልካል። የተደፈነ የደም ሥር ግን አይከፍትም፤ የደም ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠርን፣ ሲጋራ ማቆምንም አይተካም። በዕረፍት ላይ ያለ ዐዋቂ ሰው ልብ በአብዛኛው በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ምቱ እጅግ ዘግይቶ ራሱን የሚስት ሰው ሳይውል ሳያድር ሊመረመር ይገባል።

በ1984 የሆፕስ የገዛ ልባቸው ምት ታውኮ ፔስሜከር ተገጠመላቸው። ለሌሎች የደከሙበት ሥራ ለራሳቸውም ደረሰላቸው።