ከሥሩ የተለየ አበባ ዕድሜ

በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 በተከፈተው በፓይክ ፕሌስ ገበያ፣ በዚያ አገር በጋ በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ የሚመላለስ ሰው፣ ከዓሣውና ከአትክልቱ ተራ ሳይርቅ የአበባ ሻጮች በረጅሙ ተደርድረው ያገኛል። ከእነዚህ ሻጮች ብዙዎቹ ከላኦስ ተሰደው የመጡ የህሞንግ ሕዝብ ቤተ ሰቦች ሲሆኑ፣ በከተማይቱ ዙሪያ ባሉት ሸለቆዎች ራሳቸው ተክለውና ኰትኩተው ያሳደጉትን ዳሊያና ዚኒያ በእቅፍ በእቅፍ አስረው ይሸጣሉ። ከባሕር ማዶ በአውሮፕላን የመጣ አበባ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ፣ የቅርቡ ገበሬ አበባ ገዢ የሚያገኝበት ምክንያት ከአበባው ከራሱ ባሕርይ የሚመነጭ በመሆኑ፣ ነገሩ መመርመር የሚገባው ነው።

አበባ ከሥሩ በተለየባት ሰዓት አይሞትም፤ ይተነፍሳል፣ ውኃ ይስባል፣ በግንዱና በቅጠሉ ያከማቸውን ስኳር እያቃጠለ ይኖራል፤ ያ ስንቅ ግን ከእንግዲህ እምብዛም አይተካም። የእስትንፋሱም ፍጥነት በሙቀት የሚመራ ስለሆነ፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ቁጥር ፍጆታው ሁለት እጥፍ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ግንዱ የሌሊቱን ውኃ ጠጥቶ በጸናበት ማለዳ ይቆርጣል፤ ወዲያውም ንጹሕ ውኃ ባለበት ባልዲ ነክሮ በጥላ ያኖረዋል።

ከሆለታና ከዝዋይ ወደ ሆላንድ የሚበርረው የእኛ ጽጌረዳ ገና እንቡጥ ሳለ ይቆረጣል፤ በቀዝቃዛ ክፍል ተጠብቆ ረጅሙን ጎዳና ከጨረሰ በኋላም በገዢው ቤት ይፈካል። ትውልዱ ከሜክሲኮ የሆነው ዳሊያ፣ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1913 የከተማይቱ አበባ ይሁን ብላ የመረጠችው፣ ይህን ጸጋ አልታደለም፤ እንቡጡ ቢቆረጥ እንቡጥ እንደ ሆነ ይጠወልጋል እንጂ አይከፈትም፤ ከፈካ በኋላ ቢቆረጥ ደግሞ ስሱ አካሉ በሣጥን ሲታሸግ ይሰባበራል፣ በቤትም ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። ዚኒያ ደግሞ ጽጌረዳን የሚጠብቀውን ያንኑ ብርድ አይችልም፤ ይጎዳዋል። መቆረጫ ጊዜውም በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ ገበሬው ከአበባው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ግንዱን በጣቱ ይይዝና ቀስ አድርጎ ይነቀንቀዋል፤ አንገቱ ከተልፈሰፈሰ ገና ነው ብሎ ይተወዋል፣ ቀጥ ብሎ ከጸና ግን ይቆርጠዋል። እኔ እንደሚመስለኝ፣ በየሱቁ የምናየው የአበባ ዓይነት ጥቂት የሆነው በምድር ላይ ውበት ስለ አነሰ ሳይሆን፣ መንገድ የቻለው ብቻ ስለ ተመረጠ ነው፤ መንገድ ያልቻለው ሁሉ የሚታየው በእንዲህ ያለው ገበያ ነውና፣ የእነዚያ ገበሬዎች ድካም ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል።

በገበያው ሥፍራም ለዓይን የማይታይ ጠላት አለ። እ.ኤ.አ. በ1901 ዲሚትሪ ኔልዩቦቭ የተባለ የሩስያ ሊቅ፣ በቤተ ሙከራ ያበቀላቸው የአተር ቡቃያዎች ጠምዘዝ ብለው ማደጋቸውን መርምሮ፣ ጥፋቱ በመብራት ጋዝ ውስጥ ያለው ኤቲሊን መሆኑን ገለጠ። ይህንኑ ጋዝ የሚበስል ፍሬም ከራሱ ያወጣዋል፤ ዴልፊኒየም ሲደርስበት አበባውን ያረግፋል፣ ካርኔሽንም ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠወልጋል፤ ስለዚህ ዐዋቂ ሻጭ ባልዲውን ከበሰለ ኮክና ከቲማቲም ያርቃል።

ገዢውም የድርሻውን መሥራት አለበት። ግንድ ሲቆረጥ አየር በቀጫጭኖቹ የውኃ ቧንቧዎች ገብቶ መንገዱን ይዘጋዋልና፣ እቤት እንደ ደረሰ ጫፉን በስለታም ቢላዋ ጥቂት ቆርጦ ወዲያው ውኃ ውስጥ ያግባው። ከውኃው በታች የሚውለውን ቅጠል ሁሉ ያራግፍ፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ የሚራቡት ባክቴሪያዎች እነዚያኑ ቧንቧዎች ይደፍኗቸዋል፤ አበባውም ውኃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይደርቃል።