በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ጭቃ
እስቲ ደረቅ የመረሬ ጓል ውኃ ውስጥ ጣል አድርጉ። ይፈረካከሳል፣ አይደል? ሸክላ አፈር የበዛባቸው ደካማ አለቶችም እንደዚያው ናቸው። አለቱ በበጋ ሲደርቅ ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ አየር ይሞላሉ። ዝናብ ሲመጣ ውኃው ሰርጎ አየሩን ያፍነዋል፤ የታፈነው አየር ደግሞ አለቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። አንዳንዱ የሸክላ ማዕድንም ውኃ ሲጠጣ ያብጣል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን በዓባይ በረሃ የሚያልፈውና መሬት መንሸራተት የሚያስቸግረው መንገድ እንዲህ ያሉ ንብርብሮችን ያቋርጣል። ታዲያ አለቱን በበጋ በመዶሻ መትቶ «ጠንካራ ነው» ማለት አይበቃም። ላብራቶሪ ውስጥ 10 ቁርጥራጮችን በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እናደርቅና ቀዳዳው 2 ሚሊሜትር በሆነ የወንፊት ከበሮ ውኃ ውስጥ 200 ዙር እናሽከረክራለን፤ ከዚያ አድርቀን እንደገና። ከመጀመሪያው ክብደት ወንፊቱ ውስጥ የቀረው ስንት በመቶ ነው? አለቱ ክረምቱን ይችል እንደሆነ የሚጠቁመን ያ ቁጥር ነው።