ተረትና እውነታ፦ የመንግሥት ሕክምና ወይስ የግል?

ጎንደር ውስጥ ታማሚ ባለበት ቤት ጠያቂ ሲሰበሰብ ይህ ክርክር አይቀርም። አንዱ «ግል ውሰዱት፣ ብር ካለ ሕክምና አለ» ይላል። ሌላው «ትልቁ ሆስፒታል እያለ ምን በወጣችሁ!» ብሎ ይመልሳል። ከሁለቱም ወገን ተደጋግመው የሚሰሙትን እንያቸው።

ተረት 1፦ የመንግሥት ነጻ ነው፤ የሚያስከፍለው የግል ነው።

እውነታ፦ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋም አይከፈልባቸውም። ለሌላው ግን ካርድ ይወጣል፣ ላቦራቶሪ ይከፈላል፣ መድኃኒት ይገዛል። በአገር ደረጃ ከጠቅላላው የጤና ወጪ ሲሶ ገደማው የሚወጣው በቀጥታ ከታማሚው ኪስ ነው። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት «አልቋል» ካለም ታማሚው ማዘዣውን ይዞ የግል ፋርማሲ በር ላይ ይቆማል። ከጃናሞራ ወይም ከበየዳ ለመጣ ሰው ደግሞ የመኪናው፣ የአስታማሚው ማደሪያና የምግቡ ወጪ ከሕክምናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ተረት 2፦ የግል ሐኪም ይበልጣል።

እውነታ፦ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ አንድ ነው፤ ቀን በመንግሥት ሆስፒታል ሠርቶ ማታ በግል ክሊኒክ ይገኛል። የሠለጠነውም በአብዛኛው በመንግሥት ገንዘብ ነው። የግሉ ብልጫ ወረፋው አጭር መሆኑና በሚመች ሰዓት መገኘቱ ነው፤ ለብዙ ቀላል ሕመም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ጉዳቱም አለው፤ ገቢው ከምርመራ ብዛት ጋር የሚያድግ ተቋም የማያስፈልግ ምርመራ ለማዘዝ ይፈተናል። ሕመሙ ሲከብድም በሽተኛው ብዙውን ጊዜ ሪፈር ተጽፎለት ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይመጣል።

ተረት 3፦ ሁሉም ለግል ቢተው ፉክክሩ ያስተካክለዋል።

እውነታ፦ ለዚህ ካላዛር የተባለውን በሽታ የመሰለ መልስ የለም። ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ወጣቶች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። እዚያ በአሸዋ ዝንብ ተነድፈው በሽታውን ይዘው የሚመለሱ አሉ። ካልታከመ ይገድላል። የተለመደው ሕክምና ለ17 ቀናት በየቀኑ መርፌ መወጋት ነው። በሽተኛው የቀን ሠራተኛ ነው፤ ይህን ያህል ቀን አስተኝቶ ለሚያክም የግል ክሊኒክ ትርፍ የለውም። ሕክምናው በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሆስፒታሉን የሚያስተዳድረው ዩኒቨርሲቲም መነሻው ተመሳሳይ ችግር ነበር። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተብሎ ተከፈተ። ወረርሽኝን መከላከል ደንበኛ የሚከፍልበት ሥራ አልነበረም።

ተረት 4፦ መንግሥት ብቻውን ይበቃል፤ ግል ነጋዴ ነው።

እውነታ፦ በደርግ ዘመን የግል ሕክምና ተገድቦ ነበር፤ ወረፋው ግን አላጠረም። ዛሬ አልትራሳውንድ፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ በግል ባይኖሩ የጎንደር ሆስፒታል ጫና ይብስ ነበር። የብሪታንያ መንግሥታዊ የጤና አገልግሎት ከ1948 ጀምሮ በግብር ይተዳደራል፤ ሕመምተኛው በመጀመሪያ የሚያገኛቸው የቤተሰብ ሐኪም ክሊኒኮች ግን በአብዛኛው ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው ራሳቸውን ችለው የሚሠሩ ናቸው። ይሁን እንጂ የግል ክሊኒክ የሚከፈተው ከተማ ላይ ነው። በየዳ ያለ ገበሬ በቅርብ የሚያገኘው ጤና ኬላ ነው፤ እዚያ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደመወዟን የምታገኘው ከመንግሥት ነው። ለእሱ ምርጫው በመንግሥትና በግል መካከል ሳይሆን በጤና ኬላውና በቃሬዛ ጉዞ መካከል ነው።

ተረት 5፦ ጤና መድን ገብቼ ካልታመምኩ ብሬ ተበላ።

እውነታ፦ ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እንደ ዕድር ነው፤ ዘንድሮ ያልደረሰበት ለደረሰበት ያዋጣል። ሙከራው እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ሲጀመር ፎገራ አንዷ ነበረች። መዋጮው በቤተሰብ በዓመት የሚከፈል ነው፤ ለድሃ ድሃው መንግሥት ይከፍላል። አባል ሲታመም አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ሆስፒታል ከሄደ ጥቅሙ ይቀንስበታል። ደካማ ጎኑም ግልጽ ነው፤ መደርደሪያው ላይ መድኃኒት ከሌለ የአባልነት ካርዱ አያድንም።

ሁሉንም ስናጠቃልል፣ ቤተሰብን የሚያደኸየው በሕመሙ ሰዓት ድንገት የሚጠየቀው ገንዘብ ነው፤ ይህም በሁለቱም በኩል ይደርሳል። መዋጮው ቀድሞ ከተሰበሰበ፣ የመድኃኒት አቅርቦቱ ካልተቋረጠና ጤና ቢሮ ሁለቱንም በአንድ መለኪያ ከተቆጣጠረ፣ የሕንፃው ባለቤት መንግሥት ይሁን ግለሰብ ሁለተኛ ጥያቄ ይሆናል። ስለዚህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ «ግል ይሻላል፣ መንግሥት ይሻላል» ከማለት በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፦ የጤና ጣቢያችን መድኃኒት በዓመት ስንት ወር ይጎድላል? ሲጎድልስ የመድን አባሉ ከውጭ የገዛበትን ማን ይመልስለታል?