የቆቦ ባለሱቅና በዕቃ ላይ ያለው ጽሑፍ

ገበያ እንዲቆም ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ አንደኛው ዕቃ፥ ሁለተኛው እምነት ነው። ዕቃ ቢጠፋ ከሌላ አገር ይመጣል፤ እምነት ቢጠፋ ግን ከየትም አይሸመትም። ሚዛንና መስፈሪያ፥ ማኅተምና በዕቃ ላይ የሚታተመው ጽሑፍ ሁሉ የተፈጠሩት ይህንኑ እምነት ለመጠበቅ ነው። ደንቡ በየጊዜው ሲለወጥ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚቸገረው ማን ነው ቢሉ፥ ከገዢው ፊት ለፊት የቆመው ቸርቻሪ ነው።

ለዚህ ነገር የቆቦ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በራያ ቆላ ሜዳ ላይ የተቀመጠች የገበያ ከተማ ናት። በስተምዕራብ ደጋው፥ በስተምሥራቅ ከዞብል ተራራ ባሻገር የአፋር አገር ይገኛል። የሜዳው ማሽላና ጤፍ፥ የአፋሩ ከብት፥ ከደሴና ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣው የፋብሪካ ዕቃ በዚያ ይገናኛሉ። ከዚህ ሁሉ መካከል የደንብን መለወጥ አጉልቶ የሚያሳየን ግን ያው ዘወትር በየቤቱ የማይጠፋው ጨው ነው።

በጥንት ዘመን ከአፋር ቆላ እየተቆረጠ የሚወጣው አሞሌ ምግብም ገንዘብም ነበረ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1520ዎቹ ዓመታት አገራችንን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል አይቶ ጽፏል። የአሞሌ ደንብ ቀላል ነበረ፤ ሙሉ የሆነው ሙሉ ዋጋ ያወጣል፥ የተሸረፈው ይጎድላል። ይህንንም ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ዓይንና እጅ ይበቃሉ።

ኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 በወጣው የሚዛንና የመስፈሪያ አዋጅ ኪሎና ሜትር የአገሪቱ ሕጋዊ መለኪያ ሆኑ። ባለሱቁም ቁናውንና ክንዱን ሳይረሳ ኪሎውን ተማረ። ይህ ለውጥ ትልቅ ቢሆንም የሚዛኑ ድንጋይ በዓይን የሚታይ ስለ ሆነ ሻጭና ገዢ ቀስ በቀስ ተግባቡበት።

ሦስተኛው ለውጥ ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የማይታይ ነገርን ይመለከታል። አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከምግብ ሲጎድል በአንገት ላይ እንቅርት ይወጣል። ከዚያም የከፋ ጉዳት አለው፤ እናት በእርግዝና ጊዜ አዮዲን ካጣች የልጁ አእምሮ በሚገባ ሳያድግ ሊቀር ይችላል። ከ1990 ዓ. ም. የኤርትራ ጦርነት በኋላ የቀይ ባሕሩ ጨው ሲቋረጥ፥ የአገሪቱ ገበያ በአብዛኛው በአፋሩ የአፍዴራ ጨው ላይ ተደገፈ፤ ይህም ጨው በዚያን ጊዜ አዮዲን ሳይጨመርበት ይሸጥ ነበር። በ2003 ዓ. ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ አዮዲን የሌለው ጨው ለሰው ምግብ እንዳይሸጥ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ብቻ ሲሆን፥ በ2008 ዓ. ም. ግን በ89ኙ ተገኘ።

ይህ የሚያስመሰግን ነው፤ ሆኖም ሥራው በዚህ አላለቀም። አዮዲን በፀሐይ፥ በሙቀትና በእርጥበት ይቀንሳል። እንግዲህ በቆቦ ሙቀት የጨውን ጆንያ ከደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ እየዘረገፈ የሚሸጥ ባለሱቅ፥ ሕጉን ጠብቆ የገዛውን ጨው ሳያውቅ ያደክመዋል። ከፋብሪካው በር ላይ የተፈጸመው ደንብ ከሱቁ በር ላይ ይፈርሳል ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የቀኑ ነገር አለ። በ2006 ዓ. ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ በዕቃ ላይ የተሠራበትና የሚያበቃበት ጊዜ እንዲገለጽ አዝዟል፤ ጊዜው ያለፈበትንም ዕቃ መሸጥ ከልክሏል። ነገር ግን የብዙ ዕቃ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ይታተማል። አንዲት እናት የሕፃን ምግብ ሊገዙ ገብተው ቆርቆሮውን እያገላበጡ፥ «ልጄ፥ ይኸ እስከ መቼ ይቆያል?» ቢሉ፥ ባለሱቁም 06/2026 የሚለውን አይቶ፥ «እናቴ፥ ገና ብዙ ዓመት አለው» ብሎ ቢመልስ፥ ሁለቱም በቅን ልቡና ተሳስተዋል። ያ ቀን በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ. ም. ነውና! በዚህ ቦታ ስምንት ዓመት የሚያሳስተው ሐሰት ሳይሆን የዘመን አቆጣጠር ነው።

በውጭ አገር ይህን ሥራ መሣሪያ እየተረከበው ነው። የዕቃን መለያ ቁጥር የሚይዙት ጥቋቁር መስመሮች በሱቅ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ የተነበቡት ሰኔ 19 ቀን 1966 ዓ. ም. በአሜሪካ፥ በኦሃዮ ግዛት፥ በትሮይ ከተማ በአንድ እሽግ ማስቲካ ላይ ነበር። አሁን ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን ጭምር ሊይዝ የሚችል አራት ማዕዘን ምልክት እየተስፋፋ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2027 መጨረሻ የየአገሩ ሱቆች መሣሪያ ይህን ማንበብ እንዲችል ታቅዷል። መሣሪያው ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ አልሸጥም ሊል ይችላል። መሣሪያ የሌለው የገጠር ባለሱቅ ግን መመኪያው የራሱ ዓይንና ዕውቀት ነው።

ስለዚህ ነገሩ ወደ ተማሪውና ወደ ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ይመለሳል። ለቁጥጥር ወደ ሱቅ የሚገባ ሹም ማሸጊያና ደረሰኝ ብቻ ይዞ ቢገባ ባለሱቁ ዕቃውን መደበቅ ይማራል፤ አስቀድሞ የሁለቱን ዘመን አቆጣጠር ማዛመጃ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከግድግዳው ላይ ቢለጥፍለት፥ ጨውንም ከፀሐይ ለምን እንደሚያርቅ ቢያስረዳው ግን ባለሱቁ ራሱ ተቆጣጣሪ ይሆናል። ተማሪም ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲመለስ ይህን ለአባቱ ወይም ለጎረቤቱ ሱቅ ለማድረግ የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

ደንብ በአዲስ አበባ ይጻፋል፤ የሚጸናው ግን በቆቦ ያለው ባለሱቅ አንብቦ ሲረዳውና ለገዢው ሲያስረዳ ነው። አሞሌው መሸረፉን አያቶቻችን በዓይናቸው ይለዩ ነበር፤ የዛሬው ገዢም የጨዉንና የቆርቆሮውን ጉድለት ለይቶ እንዲያውቅ ማድረግ የተማረው ሰው ዕዳ ነው።