አንድ ሌሊት ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ

ከናይሮቢ ወደ አገራችን የሚመለስ መንገደኛ ሁለት ምርጫ አለው። በአይሮፕላን የተሳፈረ እንደ ሆነ ሁለት ሰዓት ያህል በሰማይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። በምድር የሚመጣው ግን ማታ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ሌሊቱን ሲጓዝ ያድርና በማግሥቱ ጧት ከጠረፉ ከተማ ከሞያሌ ይደርሳል። እኛም ባለፈው ጥር ወር አራት ቀን በናይሮቢ ሰንብተን ስንመለስ ሁለተኛውን መንገድ መረጥን። ይህንንም ያደረግነው ገንዘብ ለመቈጠብ ብቻ አይደለም፤ አብረውን የነበሩት እናታችን «ልጄ የምትኖርበት አገር ምን ያህል እንደሚርቅ በዐይኔ ልየው» ስላሉ ነው።

እኅታችን ወደ ናይሮቢ ከሄደች ብዙ ዓመት ሆኗታል። እርሷ በሄደችበት ዘመን ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጠጠርና አቧራ ብቻ ነበረ። መንገደኛው በጭነት መኪና ላይ ተቀምጦ፣ ሽፍታ እንዳይደርስበት በታጠቁ አጃቢዎች እየተጠበቀ፣ ሁለትና ሦስት ቀን ይንገላታ ነበር። ስለዚህ ናይሮቢ በእናታችን አሳብ ከዓለም ዳርቻ ያለች ከተማ ነበረች፤ የልጃቸው ስም በተነሣ ቁጥርም ዕንባ ይቀድማቸው ነበር።

ናይሮቢ እ.ኤ.አ. በ1899 የምድር ባቡር ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቈረቈረች ከተማ ናት። ስሟም በማሳይ ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ እናታችን አየሯን ወደዱት። በመካከለኛው ከተማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም በተሰየመው ሰፊ ጎዳና ስናልፍም «ከአገሬ አልወጣሁም ማለት ነው» ብለው ሣቁ።

በብሔራዊው ቤተ መዘክር እ.ኤ.አ. በ1984 ከቱርካና ሐይቅ ምዕራብ የተገኘውን የአንድ ብላቴና ዐፅም ጐበኘን። ዕድሜው 1.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው ይባላል። የኛው የኦሞ ወንዝ የሚገባው ወደዚሁ ሐይቅ መሆኑን አስታወስን። እናታችንን ይበልጥ ያስደነቃቸው ግን በግቢው የቆመው የአሕመድ ምስል ነው። አሕመድ በማርሳቢት ተራራ ይኖር የነበረ፣ ጥርሱ እጅግ የረዘመ ዝሆን ነበር። አዳኞች እንዳይገድሉት ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዋጅ ጥበቃ እንዲደረግለት አዘዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1974ም በዕድሜ ሞተ። እናታችን ይህን ሲሰሙ «ለዝሆን ዘበኛ ያቆመ አገር ልጄን አይጥልብኝም» አሉ።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ አንድ ስሕተት ሠራን። በቲኬታችን ላይ የመነሻው ሰዓት 8 ተብሎ ተጽፏል። እኛም እንደ ልማዳችን ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት መስሎን ሻንጣችንን ጭነን ከአውቶቡሱ ጣቢያ ደረስን። ቲኬት ሻጩም በስዋሂሊ ቋንቋ «ሳ ምቢሊ ኡሲኩ» አለና ሁለት ጣቱን አሳየን። እናታችን ወዲያው «ሁለት ሰዓት ነው የሚለው፤ ማታ ሁለት ሰዓት» አሉ። እውነትም «ሳ» ሰዓት፣ «ምቢሊ» ሁለት፣ «ኡሲኩ» ሌሊት ማለት ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪ እንደ እኛው የቀኑን ሰዓት ከንጋት፣ የሌሊቱንም ከምሽት ጀምሮ ይቈጥራል፤ ሲጽፍ ግን ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ አቈጣጠር ይጽፋል። ስለዚህ እኛ ማንበብ የምንችለው ተሳሳትን፤ በጆሮአቸው የሰሙት እናታችን ግን አገኙት።

ስሕተቱ ስድስት ሰዓት አስጠበቀን። ነገር ግን እናትና ልጅ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እነዚያን ስድስት ሰዓቶች ሲጨዋወቱ ዋሉ። በአራቱ ቀን ያልተነሣው የቤት ነገር ሁሉ፣ የሞተውም የተወለደውም፣ ያን ጊዜ ተነሣ። አውቶቡሱ ሲመጣ እኅታችን «እማዬ፣ መንገዱ እንዳይከብድዎ» ብላ ጋቢ በትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

ማታ በሁለት ሰዓት ተነሥተን እኩለ ሌሊት ገደማ በናንዩኪ አጠገብ የምድርን ወገብ ተሻገርን። ቁመቱ 5,199 ሜትር የሆነው የኬንያ ተራራ በስተቀኛችን ነበረ፤ ጨለማው ግን አላሳየንም። ከኢሲዮሎ በኋላ የከተማ መብራት ጠፋ። በግሪክ አገር ከአቴና ጉብኝት የሚመለሱ የቀርጤስ ደሴት ሰዎች ማታ ከፒሬዎስ ወደብ በመርከብ ተሳፍረው፣ ሌሊቱን በባሕር ላይ አድረው ጧት ከደሴታቸው ይደርሳሉ። ለእኛ ባሕሩ ይህ በረሃ፣ መርከቡም አውቶቡሱ ነበረ።

ሊነጋጋ ሲል ማርሳቢት ደረስን። እናታችን መስኮቱን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው «የዝሆኑ አገር ይህ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ወዲያ ዲዳ ገልገሉ የሚባለው ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ሜዳ ይከተላል። ገልገላ በኦሮምኛ ምሽት ማለት ነው፤ እኛ ግን ያለፍነው ፀሐይ ስትወጣ ነበር። ግመል የሚነዱ የቦረና እረኞች አየን። ቦረናዎች ከጠረፉ ወዲህም ወዲያም የሚኖሩ አንድ ሕዝብ ናቸው። ቀድሞ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በአንድ ሌሊት ያለቀው፣ በአብዛኛው ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር የተሠራው አስፋልት እ.ኤ.አ. በ2016 ገደማ ከሞያሌ ስለ ደረሰ ነው።

በሞያሌ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታና ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 መርቀው የከፈቱት የጋራ የጠረፍ ጣቢያ አለ። መንገደኛው የመውጫውንም የመግቢያውንም ሥርዐት በአንድ ስፍራ ይፈጽማል። በዚህ መንገድ ለመሄድ የሚያስቡ አንባቢዎቻችን ከፓስፖርታቸው ጋር የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳቸውን እንዳይረሱ፣ ለሌሊቱም ብርድ ወፍራም ልብስ እንዲይዙ እንመክራለን። ከሞያሌ እስከ አዲስ አበባ ገና 770 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚቀር ከመንገድ አንድ ሌሊት ማረፍ ለሽማግሌዎች ይበጃል።

እኛ ፓስፖርታችን እስኪመለስልን ስንጠብቅ እናታችን ስልክ አስደወሉና ለልጃቸው እንዲህ አሉ፤ «ልጄ፣ እስከ ዛሬ የሩቅ ዘመድ ስልሽ ኖርሁ፤ ለካ ጎረቤት ነሽ! አንድ ሌሊት ተኝቼ ተነሣሁ፣ አገሬ ገባሁ። ለፋሲካ ነዪ። የምትነሺበትን ሰዓት ግን በአፍሽ ንገሪኝ እንጂ በወረቀት ጽፈሽ አትላኪልኝ»።