የጨዋታ መሣሪያ በተሰረቀ ጊዜ አካውንትን ስለ መጠበቅ

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች በየሰፈሩ የተከፈቱት የፕሌይስቴሽን ቤቶች፤ ምንም እንኳ ብዙ ሰው የልጆች መዋያ ናቸው ብሎ ቢያልፋቸው፤ ገንዘብ የፈሰሰባቸው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈልባቸውና ቤተሰብ የሚተዳደርባቸው የንግድ ቤቶች ናቸው። የአንዱ ቤት ዋና ሀብት ጥቂት ቴሌቪዥኖች፤ ያንኑ ያህል የጨዋታ መሣሪያና ጆይስቲኮች ነው። ስለዚህ ሌሊት መዝጊያው ተሰብሮ መሣሪያው የተወሰደ እንደ ሆነ፤ ባለቤቱ በመጀመሪያ የሚያዝነው ለዕቃው ዋጋ መሆኑ አያስደንቅም። ከዕቃው ጋር አብሮ ስለ ሄደው አካውንት የሚያስበው ግን ብዙውን ጊዜ ከቀናት በኋላ ነው፤ በእነዚያም ቀኖች ውስጥ የሚደርሰው ጉዳት ከመሣሪያው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ነገሩ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የመጀመሪያውን ፕሌይስቴሽን እ.ኤ.አ. በ1994 ለገበያ ባቀረበ ጊዜ ጨዋታው ያለው በዲስክ ላይ ብቻ ነበር፤ መሣሪያው ቢሰረቅ የጠፋው መሣሪያውና ዲስኩ ብቻ ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2002 ለኤክስቦክስ፤ ሶኒም በ2006 ለፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ከከፈቱ ወዲህ ግን ጨዋታው፤ ገንዘቡና የወዳጆች ዝርዝር ከመሣሪያው ወጥተው በአካውንት ስም በኩባንያው ዘንድ ይቀመጣሉ። በመሆኑም መሣሪያው ዛሬ የመጋዘን ቁልፍን ይመስላል፤ ቁልፉ የጠፋበት ነጋዴ ደግሞ አዲስ ቁልፍ ከመግዛቱ በፊት ጋኑን መለወጥ ይገባዋል።

ሌባው የይለፍ ቃሉን ሳያውቅ እንዴት ሊገባ ይችላል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ባለቤቱ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን አንድ ጊዜ በመሣሪያው ላይ ካስገባ በኋላ፤ ኩባንያው ለመሣሪያው አንድ የምስጢር ምልክት ይሰጠዋል። ይህ ምልክት የይለፍ ቃሉ ራሱ አይደለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ተመርምሮ መግባቱን የሚመሰክር የመግቢያ ወረቀት ማለት ነው። መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር ይህን ወረቀት እያሳየ ያልፋል። ሌባውም መሣሪያውን በሌላ ቤት ሰክቶ ሲያበራው፤ ባለቤቱ ራሱ የተቀመጠ ያህል ሆኖ ይገባል። ከዚህ የተነሣ ብዙዎች የሚተማመኑበት ሁለተኛ ማረጋገጫ፤ ማለትም በስልክ የሚመጣው የቁጥር ኮድ፤ አስቀድሞ ገብቶ ለተቀመጠው መሣሪያ ምንም አያግደውም። ኮዱ የሚጠየቀው በአዲስ መሣሪያ ለሚገባ ሰው ነው።

እንዲህም ሲሆን የሌባው ሥልጣን ወሰን አለው። የካርዱን ሙሉ ቁጥር ከመሣሪያው አያነብም፤ የይለፍ ቃሉንም አያይም። ነገር ግን ሲገዙ የይለፍ ቃል ይጠየቅ የሚለው ትእዛዝ ካልተሰጠ በቀር በተቀመጠው ካርድና በአካውንቱ ውስጥ ባለው ቀሪ ገንዘብ ጨዋታ መግዛት ይችላል። የባለቤቱን መልእክቶችም ያነባል፤ በእርሱ ስም ለወዳጆቹ ጽፎ የስጦታ ካርድ ላኩልኝ ብሎ ሊለምን ይችላል። የተለመደውም ማታለል ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ከሚያውቁት ስም የመጣን ልመና የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያው ሰዓት የሚሠራው ሥራ ቅደም ተከተል አለው። ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው የጨዋታው አካውንት ሳይሆን ኢሜይሉ ነው። የይለፍ ቃል ጠፍቶብኛል ለሚል ሰው ኩባንያው የመለወጫውን መልእክት የሚልከው በኢሜይል ስለ ሆነ፤ ኢሜይሉን የያዘ ሌላውን ሁሉ ይይዛል። ባለቤቱ በራሱ ስልክ ወይም በሚታመን ኮምፒዩተር ገብቶ የኢሜይሉን የይለፍ ቃል ይለውጥ፤ በማያውቀው ኢንተርኔት ቤት ይህን ማድረግ አንዱን ቀዳዳ ደፍኖ ሌላ መክፈት ነው። ስልኩም ከመሣሪያው ጋር የተወሰደ እንደ ሆነ፤ የማረጋገጫው ኮድ የሚመጣው በዚያው ስልክ ስለ ሆነ፤ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም በ994 ደውሎ ሲም ካርዱን ማዘጋትና በምትኩ ሌላ ማውጣት ከኢሜይሉም ይቀድማል።

ቀጥሎ የጨዋታው አካውንት የይለፍ ቃል ይለወጣል። አዲሱም ቃል በሌላ ስፍራ የማይሠራበት መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 የሶኒ የጨዋታ አገልግሎት ተሰብሮ የ77 ሚሊዮን ያህል አካውንቶች መረጃ በተወሰደ ጊዜ፤ አገልግሎቱ ከ3 ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር፤ ለኢሜይሉም ለጨዋታውም አንድ የይለፍ ቃል ይሠራ የነበረ ሰው በአንድ መጥፎ ቀን በሁለቱም በኩል ተጋልጦ ነበር።

የይለፍ ቃል መለወጥ ብቻውን ግን አይበቃም። በሶኒ አካውንት የደኅንነት ገጽ ላይ ከሁሉም መሣሪያዎች ለመውጣት የሚያስችል ትእዛዝ አለ፤ እርሱን መስጠት ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ በመሣሪያዎች አስተዳደር ገጽ መሣሪያዎችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሥራ ማገድ ይቻላል። በዚህ መንገድ ማገድ የሚፈቀደው በ6 ወር አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፤ ለሙከራ ያህል አይነካም። ከታገደ በኋላ ባለቤቱ በቀሩት መሣሪያዎቹ ላይ እንደገና ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል።

በኤክስቦክስ በኩል ያለው ነገር ይበልጥ ጥንቃቄን ይጠይቃል። የኤክስቦክስ አካውንት ማለት የማይክሮሶፍት አካውንት ማለት ነው፤ ያው አካውንት የአውትሉክ ኢሜይልን፤ የዋን ድራይቭ ሰነዶችንና የኮምፒዩተሩን መግቢያ ሊይዝ ይችላል። የሱቁን ደረሰኝና የዕቃ ዝርዝር በዚሁ አካውንት የሚያስቀምጥ ነጋዴ ልጁ የሚጫወትበትን መሣሪያ ከሒሳብ መዝገቡ ጋር በአንድ ቁልፍ ቆልፎታል ማለት ነው፤ ሁለቱን መለየት ከስርቆቱ በፊት መደረግ የነበረበት ሥራ ነው። የማይክሮሶፍት ገጽ ከሁሉም ስፍራ አስወጣኝ የሚል ትእዛዝ አለው፤ ትእዛዙም እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይህ ትእዛዝ የኤክስቦክስ መሣሪያዎችን የማይጨምር መሆኑን ነው። ስለዚህ የይለፍ ቃሉን ከመለወጥ ጋር፤ የተሰረቀውን መሣሪያ ከመሣሪያዎች ዝርዝር መሰረዝ ይገባል፤ ምትክ መሣሪያ ሲገዛም አዲሱን የቤት ኤክስቦክስ አድርጎ መሰየም ያስፈልጋል። ይህን ስያሜ በዓመት 5 ጊዜ ብቻ መለወጥ ይቻላል። ኔንቴንዶ ስዊች ያላቸውም በአካውንታቸው ገጽ የይለፍ ቃላቸውን ለውጠው የተሰረቀውን መሣሪያ ከምዝገባ ማስወጣት ይችላሉ።

አንድ ነገር ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ከሩቅ የሚሰጥ ትእዛዝ ሁሉ ወደ መሣሪያው የሚደርሰው መሣሪያው ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። ሌባው ኢንተርኔት ሳያገናኝ የወረዱትን ጨዋታዎች ቢጫወት የሚከለክለው የለም። ይህ ባለቤቱን የሚያናድድ ቢሆንም ገንዘቡን አይነካም፤ ለመግዛትም ሆነ መልእክት ለመላክ መገናኘት ግድ ነውና፤ በተገናኘ ጊዜ ደግሞ አሮጌው የመግቢያ ወረቀት አይሠራም።

ከዚህ በኋላ የገንዘቡ ጉዳይ ይመጣል። የተቀመጠው ካርድ ከአካውንቱ ላይ ይሰረዝ፤ ለባንኩም ወዲያውኑ ይነገር። በአገራችን የጨዋታ ግዢ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው በአሜሪካ፤ በአውሮፓ ወይም በዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ ነው፤ እንዲህም ከሆነ ሳያፍሩና ሳይዘገዩ ለዘመድ መንገር ይገባል፤ በወር መጨረሻ የማያውቀውን ዕዳ ከሚያይ ይልቅ በሌሊት ከእንቅልፉ ቢነሣ ይሻለዋል። ሌባው ገዝቶ ከሆነ አቤቱታው በመጀመሪያ የሚቀርበው ለጨዋታው ኩባንያ ነው። ባንኩ ክፍያውን በግድ ወደ ኋላ እንዲመልስ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው፤ ኩባንያው ገንዘቡን እንደ ዕዳ ቆጥሮ አካውንቱን ሊያግድበት ይችላል፤ ብዙዎችም ለዓመታት የሰበሰቡትን ጨዋታ ያጡት በዚህ መንገድ ነው።

በመሣሪያው ላይ የተከፈቱ ሌሎች አካውንቶችም አይረሱ። የእግር ኳሱ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2023 ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሎ ቢለወጥም በየቤቱ ዛሬም ፊፋ ነው የሚባለው፤ ለእርሱም ኢኤ የተባለው ኩባንያ የራሱ አካውንት አለው፤ የተገዙት ተጫዋቾችና ሳንቲሞች የሚቀመጡት በዚያ ነው። ዩቲዩብና ኔትፍሊክስም በመሣሪያው ላይ ገብተው ከሆነ፤ እያንዳንዳቸው በየገጻቸው ከሁሉም መሣሪያዎች እንዲወጡ መደረግ አለባቸው። የጨዋታውን የይለፍ ቃል መለወጥ የእነርሱን በር አይዘጋም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው አካውንቱ በእርግጥ የባለቤቱ ሲሆን ነው፤ ትልቁም ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በሶኒ የጨዋታ አገልግሎት የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች፤ አካውንቶች የሚከፈቱት በሌላ አገር ስም ነው። ከፋቹም ብዙ ጊዜ መሣሪያውን የሸጠው ሱቅ ወይም ጨዋታ የሚጭነው ባለሙያ ነው፤ ኢሜይሉ የእርሱ፤ የልደቱ ቀን የፈጠራ፤ የይለፍ ቃሉም በእርሱ ስልክ ውስጥ ነው። ባለቤቱ አካውንቴን መልሱልኝ ብሎ ለኩባንያው ሲያመለክት፤ መግቢያ ኢሜይሉን፤ የተመዘገበውን የልደት ቀን፤ የመሣሪያውን መለያ ቁጥርና የቀድሞ ግዢ ማስረጃ ይጠየቃል። መልሱን የማያውቅ ሰው ባለቤት መሆኑን ሊያስረዳ አይችልም። ስለዚህ መሣሪያ የገዛ ነጋዴ በዚያው ቀን በገዛ ኢሜይሉ አካውንት መክፈት፤ የጻፈውን አገርና የልደት ቀን በደብተር መመዝገብ፤ በመሣሪያው ሥር ወይም ጀርባ ያለውን መለያ ቁጥር ገልብጦ ከደረሰኙ ጋር ማኖር ይገባዋል። ሁለተኛ ማረጋገጫ ሲያበራ ሶኒ የሚሰጠውን የመጠባበቂያ ኮዶች በወረቀት ጽፎ ያስቀምጥ፤ ወረቀቱም በጨዋታ ቤቱ መሳቢያ ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ይሁን።

ደንበኞች ውለው በሚያመሹበት ቤት የባለቤቱ የግል አካውንት በመሣሪያው ላይ ባይኖር ይመረጣል። ለቤቱ ብቻ የሚሆን፤ ካርድ ያልተቀመጠበት፤ ገንዘብ ሲያስፈልግ በስጦታ ካርድ ብቻ የሚሞላ አካውንት ቢከፈት፤ ሌባው የሚያገኘው ቀሪውን ብቻ ነው። በፕሌይስቴሽን ባለ 4፤ በኤክስቦክስ ባለ 6 አሃዝ የመግቢያ ቁጥር ማዘዝ ይቻላል፤ ይህ ትንሽ መሰናክል በመጀመሪያው ሌሊት ለባለቤቱ ጊዜ ይገዛለታል።

መሣሪያው እንደ ስልክ የት እንዳለ ከሩቅ የሚታይበት ዘዴ ስለሌለው፤ ለፖሊስ ማመልከት የሚጠቅመው መለያ ቁጥሩ ሲጻፍ ነው። አንድ ሰው በማመልከቻው ላይ ጥቁር ፕሌይስቴሽን ጠፋብኝ ብሎ ቢጽፍ፤ ዕቃው ተይዞ እንኳ የእርሱ ለመሆኑ ማስረጃ የለውም። በሌላ ሰው አካውንት ያለ ፈቃድ መግባት በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለ ሆነ፤ ሌባው ለወዳጆች የላካቸው መልእክቶችና የግዢ ማስታወቂያዎች ከመሰረዛቸው በፊት በፎቶግራፍ ተይዘው ከማመልከቻው ጋር ይቅረቡ። ከስርቆቱ በኋላ ዕቃዎ ተገኝቷል፤ ለማረጋገጥ የይለፍ ቃልዎን ወይም የመጣልዎትን ኮድ ይላኩ የሚል መልእክት የደረሰው ሰው፤ ላኪው ሌባው ራሱ ወይም ባልደረባው መሆኑን ይጠርጥር። ኩባንያውም ፖሊስም የይለፍ ቃል አይጠይቁም።

ያገለገለ መሣሪያ የሚገዙና የሚሸጡ ነጋዴዎችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። የተሰረቀን ዕቃ እያወቁ መቀበል በወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። መሣሪያ ሊሸጥ የመጣ ሰው በፊታቸው አብርቶ በራሱ አካውንት ገብቶ እንዲያሳይ፤ ከዚያም ወጥቶ መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጎ እንዲያጠፋው ይጠየቅ። በማያውቀው ስም የተከፈተ አካውንት ይዞ የይለፍ ቃሉን ረስቼዋለሁ ከሚል ሻጭ፤ ዋጋው ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን፤ ደረሰኙና መለያ ቁጥሩ ሳይመሳከር መግዛት አይገባም።