የወፍ ጎጆ ተብሎ የተሸጠው ምን ይሆን?

ቅቤ ሲገዙ ቀመስ አድርገው፣ በርበሬ ሲሸምቱ በመዳፍዎ አሸት አድርገው ባዕድ ነገር አለመቀላቀሉን ለማወቅ ይሞክራሉ። በሩቅ ምሥራቅ የሚኖሩ እናቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ። እነርሱን ከሚያስቸግሯቸው ምግቦች አንዱ ግን ለእኛ እንግዳ የሆነው የወፍ ጎጆ ነው።

ስዊፍትሌት የተባሉት ትንንሽ ወፎች በማሌዥያ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በታይላንድና በቬትናም ይገኛሉ። ጎጆአቸውን በዋሻ ግድግዳ ላይ የሚሠሩት በጭቃ ሳይሆን በራሳቸው ምራቅ ነው። ዛሬ ለእነርሱ ተብለው በተሠሩ ቤቶችም ውስጥ ይሠራሉ። ጎጆው ተለቅሞ፣ ላባው በወረንጦ ተነቅሎ ከጸዳ በኋላ ከስኳር ጋር ተቀቅሎ ይጠጣል። ቻይናውያን ለወላድና ለደካማ ሰው ብርታት ይሰጣል ይላሉ። የአንድ ኪሎ ዋጋ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል።

ዋጋው እንዲህ ሲንር አስመሳይ አይታጣም። የአሳማ ቆዳ፣ የዕንቁላል ነጭ፣ ነጭ እንጉዳይ ወይም የዛፍ ሙጫ ይቀላቀልበታል። ጉዳቱ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። ዕንቁላል የማይስማማው ሕፃን ሊታመም፣ አሳማ የማይበላ ሰውም ሳያውቅ ሊበላ ይችላል። ምግቡ ተቀቅሎ በጠርሙስ ከታሸገ በኋላ ደግሞ ዓይንም ምላስም ሊለየው አይችልም።

ለዚህ መፍትሔ ከሆኑት አንዱ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. በማናቸውም እንስሳና ተክል ሴል ውስጥ የሚገኝ የዘር ጽሑፍ ነው። መርማሪው ከጎጆው ጥቂት ወስዶ ዲ.ኤን.ኤ.ውን ይለያል፤ ከዚያም የሚፈልገውን ክፍል ፒ.ሲ.አር. በተባለው ዘዴ በብዙ ሚሊዮን እጥፍ ያባዛዋል። የተባዛው ከስዊፍትሌት ጋር ከተመሳሰለ ወፉ መኖሩ ታወቀ፤ ከአሳማ ጋር ከተመሳሰለም ማጭበርበሩ ተጋለጠ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ምርመራው ሁሉን አይናገርም። እውነተኛ ጎጆ በጥቂቱ ተጨምሮ ቀሪው ሙጫ ቢሆን፣ የወፉን ዘር ብቻ የፈለገ መርማሪ «ወፉ አለ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ የወፉን መጠን መለካት፣ የሌላውንም ዘር መፈለግና በኬሚካል መመርመር ያስፈልጋል። እውነተኛ ጎጆ መሆኑም ከጉዳት ነፃ መሆኑን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2011 በቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ቀይ የወፍ ጎጆ ሲመረመር ከመጠን ያለፈ ናይትራይት ተገኘበት፤ ከዚያም ቻይና በኪሎ ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወሰነች። ናይትራይት ዘር የሌለው ኬሚካል በመሆኑ ዲ.ኤን.ኤ. ሊያጋልጠው አይችልም።

ነገሩን ወደ ራስዎ ጓዳ ያምጡት። ቅቤ ውስጥ ሙዝ ቢቀላቀል ሙዝ የራሱ ዘር አለውና በዲ.ኤን.ኤ. ሊታወቅ ይችላል። በርበሬ ውስጥ የተጨመረ የሸክላ ዱቄት ግን ዘር ስለሌለው ሌላ ምርመራ ይጠይቃል።

ስለሆነም «ተመርምሯል» የሚል ጽሑፍ ሲያዩ በዚያ ብቻ አይርኩ። የተመረመረው ምንነቱ ነው ወይስ ንጽሕናው? ብለው ይጠይቁ። ዋጋው ከገበያው እጅግ ሲያንስ ይጠራጠሩ፤ የሚቻል ከሆነም በርበሬውን በዛላው ገዝተው በቤትዎ ያዘጋጁ። ለልጆችዎ የሚያቀርቡትን ምግብ ምንነት ማወቅ መብትዎ ነው።